መልስ፦ የባህል ሥራ አመራር ለመማር ጥበብ መውደድ ይበቃል ወይ?

ጥበብ ስለምወድ ብቻ የባህል ሥራ አመራር ብማር ያዋጣኛል ወይ ብለሃል። ፍቅሩ ያስፈልጋል፣ ግን አይበቃም። አብዛኛው የትምህርት ሰዓት የሚሄደው በበጀት፣ በውል፣ በቅጂ መብት፣ በገንዘብ ማሰባሰብና በባህል ፖሊሲ ላይ ነው። ከፖሊሲው ውስጥ ተማሪዎች በቀላሉ የሚያምታቷቸው የዩኔስኮ ስምምነቶች ናቸው፦ የ1972ቱ (እ.ኤ.አ.) ስለ ዓለም የባህልና የተፈጥሮ ቅርስ፣ የ2003ቱ ስለማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ፣ የ2005ቱ ስለ ባህላዊ መገለጫዎች ብዝኃነት ነው።

ከባዱ ግን ሒሳቡ ነው። የአንድ ትርኢት ወጪ 60,000፣ የትኬቱ ዋጋ 200 ነው እንበል። ወጪውን ለመመለስ 300 ትኬት መሸጥ አለበት። አዳራሹ 400 ወንበር ካለው 75 በመቶው ከሞላ በቂ ይመስላል። አሁን 40 ወንበር ለተጋባዥ በነፃ ስጥ፣ ትኬት ሻጩም 10 በመቶ ይውሰድ። ከአንድ ትኬት እጅህ የሚገባው 180 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከቀሩት 360 ወንበሮች 334ቱን፣ ማለትም 93 በመቶ ያህሉን መሸጥ ይኖርብሃል! ጀማሪዎች የሚከስሩት እዚህች ጋ ነው።

ከመመዝገብህ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቀህ እይ። ሒሳብ አያያዝ፣ የቅጂ መብት ሕግና ቢያንስ አንድ ሴሚስተር የተግባር ልምምድ ከሌለበት አልመክርህም። ልምምዱ ላይም ፖስተር በመለጠፍ ብቻ እንዳያልፍብህ፤ የበጀት ሠንጠረዡን እንዲያሳዩህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረህ ጠይቅ።