ለሮቦት ብላችሁ መሬት ከመሸጣችሁ በፊት

እህቴ፣ «መሐል ሜዳ ከተማ ያሉት አባታችን የሬክተም (ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ካንሰር ተባሉ፤ መሬት ሸጠን ውጭ ወስደን በሮቦት እናሠራላቸው ወይ?» ብለሻል። «ሮቦት አይሳሳትም» ብለው የመለሱልሽን አትስሚያቸው። ሮቦቱ ከራሱ አንዲት ክር አይቆርጥም። ሐኪሙ ከአልጋው ራቅ ብሎ ተቀምጦ በእጁና በእግሩ ያዘዋል፤ እጁ ያልበሰለ ከሆነ ያንኑ ይደግምለታል።

1. መጀመሪያ የዳሌ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል)። «ሲቲ ተነስተዋል፣ ይበቃል» ቢሉሽ እሺ አትበይ፤ ሲቲው ጉበትና ሳንባ ለማየት ነው። ኤምአርአዩ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጊ፦ ዕጢው ከፊንጢጣ አፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ ሬክተሙን የከበበው ስብ ሽፋን ላይ ለመድረስስ ስንት ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። ሁለተኛው 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቢላ አይቀድምም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨረር ነው የሚቀድመው፣ ወይ በቀን 5 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) ለ5 ቀን፣ ወይ ከ25 እስከ 28 ጊዜ ካፔሲታቢን ከሚባል የካንሰር ክኒን ጋር። ገንዘብ የሚበላው ስህተት ይኸው ነው፦ ቪዛና ትኬት ጨርሶ ሄዶ እዚያ «ጨረር ይቅደም» መባል፣ ከዚያ የስንት ሳምንት የቤት ኪራይ። የባሰው ግን ሳያዩ መቅደድ ነው። ጠርዝ ላይ የቀረ ካንሰር ዳሌ ውስጥ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል።

2. «ሮቦት አላችሁ?» ሳይሆን «በምን ቅደም ተከተል ትሠራላችሁ?» በይ። የሕክምና ጉዞ ደላሎች የማሽኑን ፎቶ ይልኩልሻል፣ ይህን ስትጠይቂ ስልክ አያነሱም። ዋናው ሥራ እንግሊዛዊው ቢል ሄልድ በ1982 የጻፈው ነው፦ ሬክተሙን ከከበበው ስብ ጋር፣ ሽፋኑ ሳይቀደድ፣ አንድ ጥቅል አድርጎ ማውጣት። በግ ሲበለት ሐሞቱን ሳያፈርጡ ከጉበቱ እንደሚለዩት በይው። በሮቦት ሲሆን በ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ይገባል፣ አልጋው በራስጌው በኩል ዝቅ ይላል፤ ደም ሥሩ ይታሰራል፣ የግራው አንጀት ይላቀቃል፣ ከዚያ ዳሌው ከኋላ፣ ከጎን፣ በመጨረሻ ከፊት ይፈለቀቃል። አንጀቱ ከመገጠሙ በፊት ደም መድረሱ ይታያል፣ ከተገጠመ በኋላ ዳሌው ውኃ ተሞልቶ አንጀቱ ውስጥ አየር ይነፋበታል፤ አረፋ ካለ ያፈሳል። የሚበላሸው የት ነው? አብዛኞቹ ማሽኖች የጉተታውን ኃይል ለሐኪሙ እጅ አያሳውቁትም፣ ስለዚህ ያልለመደ ሰው ሽፋኑን ይቀደዋል። በ2017 የወጣው፣ 471 ሕመምተኞች የተካተቱበት ጥናት ሮቦቱ ከላፓሮስኮፒ (ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እያየ በራሱ እጅ ከሚሠራው) ይበልጣል ብሎ ማሳየት አልቻለም። ቻይና ውስጥ ልምድ ባላቸው ሐኪሞች በ1240 ሰው ላይ የተሠራው ግን ጠርዙ ካንሰር የነካው 4.0 ከመቶ በሮቦት፣ 7.2 ከመቶ በላፓሮስኮፒ ሆኖ አገኘው። እንግዲህ የሚሠራው ሰው ስንት ሬክተም በሮቦት እንደሠራ ቁጥሩን ጠይቂ። «ብዙ» ቁጥር አይደለም።

3. የፓቶሎጂ ወረቀት፣ የወጣው አካል ላቦራቶሪ ውስጥ ተመርምሮ የሚጻፈው። ሽፋኑ ሙሉ ነው ወይስ ተቀዷል፣ የጎን ጠርዙ ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ ስንት የሊምፍ እጢዎች ተቆጠሩ (12 ይፈለጋል፣ ጨረር ከቀደመ ሊያንስ ይችላል)። «ካንሰር ነው» ብቻ የሚል ወረቀት ይዘሽ እንዳትወጪ። የናሙናውን ብሎክም (ሥጋው በሰም ተደርጎ የተቀመጠበትን) አስመዝግቢ፤ መዝገብ ቤት «ነገ ተመለሽ» ሲል ነገም ተመለሽ።

4. ስለ ሰገራ ከረጢቱ ማንም አይነግርሽም። ዕጢው ዝቅ ያለ ከሆነ ትንሹን አንጀት ለጥቂት ወራት ሆድ ላይ ያወጡታል፤ ሰገራው እዚያ በተለጠፈ ከረጢት ይጠራቀማል። በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ ከወጣ ጨውና ውኃ እያለቀ ነው። እዚህ ላይ የኛ አገር ሁለት ነገር አለ፦ ጾምና ጠበል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጡ መዋል ኩላሊት ይጎዳል፤ ጠበልም ቢሆን ብቻውን በብዛት ሲጠጣ ጨው ይዞ ይወጣል፣ ጥማቱም ይብሳል። የንስሐ አባታቸውን ቀድመሽ አናግሪ፤ ጠበሉ በጥቂቱ ይሁን፣ ቀሪው በ1 ሊትር ውኃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት)። የከረጢቱን ቀዳዳ ከአንጀቱ አፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍተሽ ቁረጪ፤ ከሰፋ ቆዳው ይላጣል፣ ከተላጠ ደግሞ ከረጢቱ አይይዝም። የአንጀቱ አፍ እብጠት እየቀነሰ ስለሚሄድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየጊዜው እንደገና ለኪው።