ከሶላሩ የሚወጣው ቧንቧ ምን ይሁን?

አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል። ጣሪያቸው ላይ ባለ መስታወት ቱቦ፣ 200 ሊትር የሚይዝ የሶላር ውሃ ማሞቂያ ሊያስገጥሙ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው «ከላይ እስከ ታች በፒፒአር (በፕላስቲክ ቧንቧ) ልሥራው» ይላል። ወንድማቸው ደግሞ «ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ይሁን» ባይ ናቸው። የቤቱ የድሮ መስመር ጋልቫናይዝድ ነው።

ፒፒአር ጥሩ ዕቃ ነው፣ እኔም እሠራበታለሁ። ግን ለዓመታት ሳይጎዳ የሚችለው 70 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማንም ሳይታጠብበት ጠራራ ፀሐይ ላይ የዋለ ሶላር ደግሞ ውሃውን እስከ መፍላት ያደርሰዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እሱም ቢሆን ለፒፒአር ብዙ ነው። ታንከሩ አፍ ላይ ያለው ቧንቧ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ ውሎ አድሮ መጋጠሚያው ያንጠባጥባል።

ጋልቫናይዝዱስ? አይቀልጥም፣ ግን በዝገት ይበላል። ከ60 ዲግሪ በላይ የዚንክ ሽፋኑ ቶሎ ይሄዳል። ከዚያ ሻወሩ ቀይ ውሃ ማውረድ ይጀምራል።

እኔ ብሆን ከታንከሩ የሚወጣውን የመጀመሪያ 2 ሜትር በመዳብ እሠራለሁ። መዳብ ውድ ነው፣ ግን የሚገዙት ትንሽ ነው። ከዚያ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያደባልቅ ቫልቭ አስገብቼ፣ ወደ ቤት የሚወርደውን ፒኤን 20 (የግፊት ደረጃው ነው) የሚል ጽሑፍ ባለው ፒፒአር እቀጥላለሁ። ቫልቩ ልጆችንም ከመቃጠል ያድናል።

አደራ፣ መዳቡን ከድሮው ጋልቫናይዝድ ጋር እንዳያገናኙት። በመዳብ ያለፈ ውሃ ጋልቫናይዝዱን ከውስጥ ይበሳሳዋል። የድሮው መስመር ለቀዝቃዛ ይቅር፤ ለሙቁ አዲስ መስመር ይዘርጉ።

ሙቀት እንዳይባክን የሙቅ ውሃ ቧንቧው የሚለብሰውን ጥቁር ስፖንጅም እርቃኑን አይተዉት፤ የኛ ፀሐይ ፈረካክሶ ይጥለዋል። በአሉሚኒየም ቴፕ ያስጠቅልሉት።

አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ ልጨምር። ውሃ ጠፍቶ ሮቶው ባዶ ከሆነ የመስታወት ቱቦዎቹም ይደርቁና ፀሐይ ላይ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላሉ። ቀትር ላይ ውሃ መጥቶ ቀዝቃዛው ሲገባባቸው ጧ ብለው ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ታንከሩ መግቢያ ላይ ጌት ቫልቭ (ውሃ መዝጊያ) ያስገጥሙ። ውሃ ጠፍቶ ታንከሩ ከደረቀ ይዝጉትና ማታ ወይም ማለዳ፣ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ይክፈቱት።