ክሎኩን ማን ዘጋው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ተሰባስበን ነበር። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጡ ተማሪዎች አሉ። የፋብሪካ ማሽን ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ አሉ። ሐረጎን ወርደው ከደሴ የመጡም አሉ። ሁሉም ሊኑክስ በተጫነበት ትንሽ ቦርድ ላይ ይሠራሉ፤ ሁሉንም ያስቸገራቸው ደግሞ የክሎክና የፓወር ዶሜይን ድራይቨር ነው፤ የቺፑን ክፍሎች ምትና ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ማለት ነው። ጥያቄ እየተነሳ ስመልስ መሸ። መምጣት ያልቻሉ ስላሉ የተባባልነውን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሥሩ ይጀምሩልን። ክሎክና ፓወር ዶሜይን ምንድን ናቸው? (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ ፕሮሰሰሩ ከላይ ሲያዩት አንድ ቺፕ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ክፍል ያለው ግቢ ነው። ዩኤስቢው፣ ኤተርኔቱ፣ ግራፊክሱ፣ ሲሪያሉ ለየብቻ ክፍል አላቸው። እያንዳንዱ ክፍል ለመሥራት ኤሌክትሪክና ምት ይፈልጋል። ኤሌክትሪኩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ፓወር ዶሜይን ነው፤ ምቱ ክሎክ ነው። ምቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት ክሪስታል ይነሳል። ብዙ ቦርዶች ላይ 24 ሜጋኸርዝ ናት፤ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ላይ 54። ፒኤልኤል ያበዛዋል፣ ዲቫይደር ያካፍለዋል፣ መክስ ምንጩን ይመርጣል፣ ጌት ይከፍታል ይዘጋል። ስትስሉት ዛፍ ይሆናል። ሊኑክስ ይህን ዛፍ ለሁሉም ቺፕ በአንድ ወጥ አሠራር መያዝ የጀመረው በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 3.4 ነው።

ጥያቄ፦ ቦርዴ ቡት ማድረግ ይጀምራል፣ ጽሑፉ ይወርዳል፣ ሊያልቅ ሲል ቀጥ ይላል። ስህተት የሚል ቃል የለም። ቦርዱን ይዤው መጥቻለሁ። (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አብሽር፣ የታወቀ በሽታ ነው። ቡቱ ሊያልቅ ሲል፣ ድራይቨሮቹ ከተነሱ በኋላ፣ ከርነሉ አንድ ዙር ይዞራል። ማንም ያልጠየቀውን ክሎክ ይዘጋል፤ ማንም ያልያዘውን ፓወር ዶሜይን ያጠፋል። ማታ ግቢውን የሚዞር አከራይ አስብ። መዝገቡ ላይ ተከራይ ያልተጻፈበትን ክፍል መብራት ያጠፋል። ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አያንኳኳም። ከርነሉ «ማንም አይጠቀምበትም» ሲል «ማንም አልነገረኝም» ማለቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ክሎኩን ከፍቶ የሚተወው ቡትሎደሩ ነው፤ ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም ማለት ነው። ድራይቨሩ ክፍት ስላገኘው ሳይጠይቅ ሥራውን ይጀምራል። ከርነሉ ዞሮ ከዘጋው በኋላ ግን ከዚያ ክፍል ሪጅስተር (መሣሪያው የሚታዘዝበት ትንሽ ማህደር) ሲነበብ መልስ የሚሰጥ የለም። ክፍሎቹን የሚያገናኘው ባስ ይጠብቃል፣ ፕሮሰሰሩም ይጠብቃል። ስህተት ሊጽፍልህ የሚችለው ራሱ ስለቆመ ነው ምንም ያላየኸው።

እንዲህ ሞክር። ቡት አርጉመንት ላይ፣ ከርነሉ ሲነሳ በሚሰጠው የትዕዛዝ መስመር ላይ ማለት ነው፣ «ክሎክ ኢግኖር አንዩዝድ» ጨምር። ሲጻፍ ክሎክ የሚለው በአጭሩ ሲኤልኬ ነው፣ ቃላቱም በአንደርስኮር ይያያዛሉ። ካለፈልህ ጥፋቱ ያለው ከተዘጉት ክሎኮች መሐል ነው። ካላለፈ እሱን አውጣና «ፒዲ ኢግኖር አንዩዝድ»ን አስገባ፤ ይህኛው ለፓወር ዶሜይን ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታስገባ፣ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም። ሌላም አለ። የተዘጋው የሲሪያሉ ክሎክ ከሆነ ቦርዱ በሕይወት አለ፣ አፉ ብቻ ነው የተዘጋው። ፒንግ አድርገው፣ ወይም ኤልኢዲው መምታቱን እይ። ቦርዱን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ በኋላ እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ያቺን «ክሎክ ኢግኖር አንዩዝድ» የምትል ቃል አስገብቼ ብተዋትስ? ይሠራል እኮ። (የጥገና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ እባክህ እንዳታደርገው። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ቦርድ ተረከብኩ፤ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ቃሏን ቡት አርጉመንት ላይ ትቷት ኖሯል። ጠረጴዛዬ ላይ ከርነሉን በኔትወርክ እየጫንኩ ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። ኤተርኔቱ እንከን አልነበረውም። ከዚያ ኤስዲ ካርድ ላይ ጭኜ ቦታው ላይ ስተክለው የኤተርኔት ድራይቨሩ ሲነሳ ቦርዱ ቀጥ አለ። መልሼ ጠረጴዛ ላይ ሳመጣው ይሠራል። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ነገሩ ይህ ነበር። ኤተርኔቱ ሁለት ክሎክ ይፈልጋል፤ ዲቫይስ ትሪው ላይ፣ ቦርዱ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ለከርነሉ የሚዘረዘሩበት ፋይል ላይ፣ የተጻፈው አንዱ ብቻ ነው። በኔትወርክ ስጭን ዩቡት (ቡትሎደሩ) ኤተርኔቱን ለራሱ ብሎ ስለሚጠቀምበት ሁለቱንም ይከፍታል። ከኤስዲ ሲነሳ ግን ኤተርኔቱን አይነካውም፣ ሁለተኛው ክሎክ እንደተዘጋ ይቀራል። ቃሏ ባትኖር ኖሮ ጥፋቱን በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አየው ነበር።

ደግሞ ቃሏ የምታስቀረው ያንን የመጨረሻ ዙር ብቻ ነው። አንድ ወላጅ ክሎክ የሚጋሩ ሁለት መሣሪያዎች አሉ እንበል፤ አንዱ በደንቡ ጠይቋል፣ ሌላው አልጠየቀም። የጠየቀው ሥራውን ጨርሶ ሲመልስ፣ ክሎኩን ስንት እንደያዙት የሚቆጥረው ቆጣሪ ዜሮ ይሆናል፣ ወላጁም ይዘጋል። ያልጠየቀው አብሮ ይሞታል። ለምርመራ ተጠቀምባት፣ ከዚያ አውጣት።

ጥያቄ፦ የትኛው ክሎክ እንደተያዘ የት ነው የማየው?

መልስ፦ ዲበግ ኤፍኤስን፣ ከርነሉ የውስጡን ሁኔታ የሚያሳይበትን የፋይል ሲስተም፣ ማውንት አድርጊ። ከሲስ፣ ከርነል፣ ዲበግ፣ ሲኤልኬ ሥር «ሲኤልኬ ሰመሪ» የሚል ፋይል አለ። በካት ክፈቺው። ዛፉ ወደ ውስጥ ገባ ገባ እያለ ይወጣልሻል። ከስሙ ቀጥሎ የኢኔብል ቆጣሪ፣ የፕሪፔር ቆጣሪ፣ የፕሮቴክት ቆጣሪ፣ ከዚያ ፍጥነቱ በኸርዝ ይመጣል። ዓይንሽን ኢኔብሉ ላይ አድርጊ። እየሠራ ያለ መሣሪያ ክሎኩ ዜሮ ካሳየ፣ እየኖረ ያለው ባልተመዘገበበት ቤት ነው። መሣሪያው ሥራ ከፈታ በኋላም 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚያድግ ከሆነ ደግሞ ወስዶ የማይመልስ ድራይቨር አለ። ለፓወር ዶሜይን «ፒኤም ጄንፒዲ ሰመሪ» የሚባለውን እዪ። የትኛው ዶሜይን እንደበራ፣ ሥሩ የትኞቹ መሣሪያዎች እንዳሉና በምን ሁኔታ ላይ እንደሆኑ ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ ፕሪፔርና ኢኔብል ለምን ተለያዩ?

መልስ፦ ክሎክ የሚከፈተው በሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ፕሪፔር፣ ከዚያ ኢኔብል። ፒኤልኤል እስኪረጋ ጊዜ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ፕሪፔር መተኛት፣ ማለትም ቆሞ መጠበቅ ይችላል። ኢኔብል አይተኛም፤ ኢንተረፕት ውስጥም ይጠራል። ስፒንሎክ (መተኛት የማይፈቅድ መቆለፊያ) ይዞ ፕሪፔርን የጠራ ሰው «ስኬጁሊንግ ዋይል አቶሚክ» የሚል ጩኸት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የኔ ቦርድ ሲሪያሉ ላይ መጀመሪያ ደህና ይጽፋል፤ ስክሪኑ ሲበራ ፊደሉ ሁሉ ይበላሻል። ገመድ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለውም። (ለረጅም ዓመት በፋብሪካ ጥገና የሠሩ አባት)

መልስ፦ አባባ፣ ገመዱ ምንም አላደረገም። እስቲ አብረን እናስላው። የሲሪያሉ ምንጭ 24 ሜጋኸርዝ ነው እንበል። 24,000,000ን ለ16 አካፍለው ለሲሪያሉ ፍጥነት ለ115,200 ሲያካፍሉት 13.02 ይመጣል። ድራይቨሩ 13 ብሎ ያስገባል፤ ትክክለኛው ፍጥነት 115,384 ይሆናል። ስህተቱ 0.16 በመቶ ብቻ ነው፣ አይታወቅም። አሁን ስክሪኑ ሲበራ የስክሪኑ ድራይቨር «ይህን ያህል ፍጥነት ስጡኝ» ይላል። ጥያቄው ወደ ወላጁ ወጥቶ ምንጩን ወደ 25 ሜጋኸርዝ ቀየረው እንበል። ያው 13 ባለበት ቀርቷልና ሲሪያሉ በ120,192 መሮጥ ይጀምራል። ስህተቱ ከ4 በመቶ አለፈ። ተቀባዩ ቢቱን ያለቦታው ይቆርጠዋል።

ስክሪኑ ከመብራቱ በፊትና በኋላ ሲኤልኬ ሰመሪውን ወደ ፋይል ያስቀምጡና ዲፍ ያድርጓቸው፣ ማለትም ያነጻጽሯቸው። ስክሪኑ ከበራ በኋላ በሲሪያል ማንበብ ስለማይችሉ በኔትወርክ በኩል በኤስኤስኤች ይግቡ። የወላጁ ቁጥር ተቀይሮ ያገኙታል ብዬ አስባለሁ። መፍትሔው ስክሪኑን ለብቻው ወደ ሌላ ፒኤልኤል ማዞር ነው፤ ዲቫይስ ትሪው ላይ «አሳይንድ ክሎክ ፓረንትስ» በሚለው ይሠራል።

ጥያቄ፦ ሁሌ ከ30 ሰከንድ በኋላ ዋይፋዬ ይሞታል። ሰዓት ይዤ ነው የለካሁት።

መልስ፦ መለካትሽ ግማሹን ሥራ ጨርሶልሻል። ክሎክ አይደለም፣ ሬጉሌተር ነው፤ ቮልቴጁን የሚሰጠው ክፍል። ክሎኩና ፓወር ዶሜይኑ የሚጠረጉት ቡት መጨረሻ ላይ ነው። ማንም ያልያዘውን ሬጉሌተር ግን ከርነሉ 30 ሰከንድ ይታገሠዋል፣ ሞጁሎች ዘግይተው ሊነሱ ይችላሉ ተብሎ። ዲቫይስ ትሪው ውስጥ የዋይፋይሽ ኖድ (የራሱ ክፍል) ላይ ሰፕላዩ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሬጉሌተር አልተጻፈም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ድራይቨሬ ሳይነሳ ነጌቲቭ 517 የሚል የስህተት ቁጥር ይሰጠኛል።

መልስ፦ «ቆይ፣ የምፈልገው ገና አልመጣም» ማለቱ ነው። ዲበግ ኤፍኤስ ውስጥ «ዲቫይስስ ዲፈርድ» የሚለውን ፋይል ክፈት፤ የቀረውን መሣሪያ ያሳይሃል፣ ብዙ ጊዜም ከነምክንያቱ። አብዛኛውን ጊዜ የክሎክ ድራይቨሩ ራሱ ከርነሉ ውስጥ አልተካተተም።

ጥያቄ፦ ሪጅስተሩን በዴቭሜም (ሜሞሪን በቀጥታ በሚያስነብበው ፋይል) ላንብበው ስል ቦርዱ ይሞታል። ቢግልቦን ላይ ግን «ባስ ኤረር» ብሎ ይመለሳል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የቺፑ አሠራር ነው። ቢግልቦን ብላክ ላይ ያለው ፕሮሰሰር ክሎኩ የተዘጋ ክፍል ሲነካ ስህተት ይመልሳል። ሌሎች ዝም ብለው ይጠብቃሉ። 64 ቢት አርም ላይ ደግሞ «ኤስኤረር» የሚባል ስህተት ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ግን ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል የሚያሳይህ የኮድ መስመር ምንም ያላጠፋ ሊሆን ይችላል። ስሙ የወጣውን ድራይቨር ወዲያው አትክሰስ፣ ከሱ በፊት የነበረውን ተመልከት።

ጥያቄ፦ መሣሪያዬ ተኝቶ ሲነሳ ሪጅስተሮቹ ሁሉ ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ።

መልስ፦ ክሎክ ሲዘጋ ምቱ ይቆማል እንጂ ሪጅስተሩ የያዘው አይጠፋም። ፓወር ዶሜይን ሲጠፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ሰስፔንድ ላይ ማስቀመጥ፣ ሪዚዩም ላይ መመለስ የድራይቨሩ ሥራ ነው። ስታበራ በአብዛኛው ፓወር ይቀድማል፣ ክሎክ ይከተላል፣ ሪሴት መጨረሻ ይለቀቃል። ግን የቺፑን ማኑዋል አንብብ፤ አንዳንዱ ዶሜይን ሲበራ ራሱ ክሎክ ይፈልጋል።

እግረ መንገዴን፦ ድራይቨር መሣሪያውን ለማንቃት የሚጠራው «ፒኤም ረንታይም ጌት ሲንክ» ባይሳካለትም የተጠቃሚ ቆጣሪውን ይጨምራል። ስህተት መጣ ብለው ዝም ብለው የሚወጡ ድራይቨሮች ዶሜይኑን ሳይጠፋ ያስቀሩታል። ከከርነል 5.10 ወዲህ «ሪዚዩም ኤንድ ጌት» የሚለው አለ፤ ካልተሳካ ቆጣሪውን ራሱ ይመልሳል። እሱን ልመዱ።

ጥያቄ፦ ቤት ምን ዕቃ ይኑረን?

መልስ፦ 3.3 ቮልት የዩኤስቢ ሲሪያል ገመድ፤ ቀዩን የፓወር ሽቦ አታገናኙ። ኢንተርኔት ደህና በሆነ ቀን የከርነሉን ሶርስ ሙሉውን አውርዱ፤ ከዚያ በኋላ በግሬፕ መፈለግ ኔት አይፈልግም። ቦርዱን ደግሞ በባትሪ ደግፉት። መብራት ሄድ መጣ ሲል የተበላሸ ኤስዲ ካርድ የክሎክ ችግር ይመስላችኋል።

ወደ ጠረጴዛው ቦርድ ስንመለስ መሽቶ ነበር። ቃሏን ስናስገባ አለፈ፣ ስናወጣት ቆመ። ስለዚህ ክሎክ ነው። ቡት አርጉመንቱ ላይ የክሎክ ትሬስ ኢቨንቶችን፣ ክሎክ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚመዘግቡትን፣ አብርተን «ቲፒ ፕሪንትኬ» ጨመርን፤ ትሬሱን በቀጥታ ሲሪያሉ ላይ ያትመዋል። መስመሮቹ ወረዱ፣ ወረዱና ቆሙ። የመጨረሻዋ የምትለው «የስክሪኑ ባስ ክሎክ ተዘጋ» ነው። የመጨረሻ መስመር ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ይህኛው ግን ስሜት ሰጠን፤ ዩቡት ሲነሳ ሎጎ ያሳያል፣ ስለዚህ ክሎኩን ከፍቶ ይተወዋል። ዲቫይስ ትሪውን ስናይ የስክሪኑ ኖድ ላይ የፒክስል ክሎክ ብቻ ነው ያለው። የባሱን ጨመርን፣ ስሙንም ጻፍን። ድራይቨሩ የተዘረዘረለትን ክሎክ ሁሉ የሚወስድ ዓይነት ስለነበር ኮዱን አልነካንም። ያለ ቃሏ ሲነሳ ሎግኢን ድረስ ሄደ። ሰመሪውን ስንከፍት ያቺ ክሎክ 1 ትላለች። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አበራው፣ ሁለቱንም ጊዜ ተነሳ። ከዚያ ቦርዱን ጠቅልሎ ወደ ደሴ የሚወጣውን የመጨረሻ ታክሲ ለመያዝ ሮጠ።