ባሕር ወለል ላይ ያረጀን ቧንቧ ማን ያየዋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከጅቡቲ ነዳጅ አመላልሳለሁ። አንድ ወዳጄ፣ ባሕር ወለል ላይ 50 ዓመት ገደማ የሆናቸው የነዳጅ ቧንቧዎች ዛሬም ይሠራሉ ቢለኝ አላመንኩትም። የእኔ ቦቴ የዚያን እኩሌታ እንኳ ሳይሞላው ዝገት አስቸግሮኛል። ለመሆኑ ጠላቂ ገብቶ ነው የሚያያቸው? የቦቴዬንስ ውፍረት እዚህ ማስለካት እችላለሁ?

መልስ፦ ወዳጅህ አልዋሸህም። ባሕር ላይ ካለው የኖርዌይ የኤኮፊስክ ነዳጅ መስክ ተነስቶ እንግሊዝ አገር ቲሳይድ የሚደርሰው የኖርፓይፕ መስመር 354 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ድፍድፍ ነዳጅ ማስተላለፍ የጀመረው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው።

ጠላቂ ለጥገና ካልሆነ ብዙም አይወርድም። ወጪውም አደጋውም ከባድ ነው። የሚወርደው ከመርከብ ጋር በኬብል የተያያዘ ሮቦት ነው። ካሜራና ሶናር (በድምፅ ሞገድ የሚያይ መሣሪያ) ይዞ ቧንቧውን እግር በእግር ይከተላል። የሚፈልገው ዝገት ብቻ እንዳይመስልህ። የውኃው ፍሰት ከሥር አሸዋውን ጠርጎ ከወሰደው ቧንቧው ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል። እየተንቀጠቀጠ ሲከርም ብረቱ ይዝላል፣ ይሰነጠቃል። የመርከብ መልሕቅም አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ፊንላንድንና ኢስቶኒያን የሚያገናኘውን የጋዝ ቧንቧ የጎዳው መልሕቅ ነው።

ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ሮቦቱ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ባለውለታ ቧንቧው ላይ እንደ አምባር የታሰረው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። በብረቱ ፋንታ እሱ ይበላል። ሮቦቱ ሹል መለኪያ ብረቱ ላይ አስነክቶ ቮልቴጁን ያነባል። ቁጥሩ ከኔጌቲቭ 800 ሚሊቮልት ወደ ዜሮ ከተጠጋ ጥበቃው ደክሟል። ያኔ አዲስ የአሉሚኒየም ብሎክ አጠገቡ ተቀምጦ በሽቦ ይገናኛል። ቧንቧውን ማንሳት ብሎ ነገር የለም።

ውስጡስ? ፒግ የሚሉትን መሣሪያ ከአንደኛው ጫፍ ይከቱታል፤ የሚገፋው ራሱ ነዳጁ ነው። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የረጋውን ሰም የሚጠርገው ያልፋል። ከዚያ ኃይለኛ ማግኔት የተሸከመው ይከተላል። ብረቱ በሳሳበት ቦታ የማግኔቱ ኃይል ሾልኮ ይወጣል፤ ዙሪያውን ያሉት ሴንሰሮች ይመዘግቡታል። አብረውት የሚሽከረከሩት ጎማዎች ርቀቱን ስለሚቆጥሩ ጉዳቱ ስንተኛው ሜትር ላይ እንዳለ ይታወቃል። ዋናው ቁም ነገር ግን ያለፈው መዝገብ ነው። የዛሬው ከቀድሞው ሲነጻጸር ዝገቱ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይወጣል። ያለዚያ አንድ ልኬት ብቻውን ብዙም አይነግርህም።

ራስ ምታቱ ከድሮዎቹ መስመሮች አንዳንዶቹ ፒግ ማስገቢያ የሌላቸው መሆኑ ነው። መታጠፊያቸውም ጠባብ ስለሆነ ፒጉን አያሳልፍም። እነሱን ከውጭ በአልትራሳውንድ፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ፣ ቦታ እየመረጡ መለካት ነው፤ አድካሚ ሥራ።

ያው አልትራሳውንድ ነው እኔም ገላን ባለው ጋራዤ የምጠቀመው። ቀለሙን ፍቄ፣ ጄል ቀብቼ፣ አውራ ጣት የምታክለውን መለኪያ ሳሳርፍ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ታወጣልኛለች። ሁልጊዜ የምጀምረው ከቦቴው ሆድ ሥር ነው። ውኃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፤ ብረቱን የሚበላውም እዚያ ነው። ባሕር ውስጥ ያለውንም ቧንቧ ከውስጡ በታች በኩል የሚያስቸግረው ይኸው ነው።

ስለዚህ ይቻላል፤ ና። ግን ቦቴውን አራግፈህ፣ አሳጥበህና ትነቱን አስወጥተህ አምጣው። ትነት ያለበት ቦቴ ላይ መፋቂያም ሆነ ባትሪ ያለው ዕቃ አላስጠጋም። የቀድሞ የምርመራ ወረቀት ካለህም ይዘህ ና።