የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚመጣው መልእክት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሥራ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ክፍላችን የዋትስአፕ ግሩፕ ከከፈተ ወዲህ ማታም ሆነ በእረፍት ቀን የአለቃዬ መልእክት አይቋረጥም። አብዛኛው አስቸኳይ አይደለም፤ ነገር ግን ማንበቤ ስለሚታወቅ ዝም ማለት ይከብደኛል። ቢሮ ስሆን ደግሞ አንድ ሰነድ ጀምሬ ሳልጨርስ ስልኬን ደጋግሜ አነሣለሁ። ባለቤቴም «አጠገቤ ሆነህ የለህም» እያለች ትወቅሰኛለች። የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎቼን በሙሉ አጥፍቼ ነበር፤ ብዙም ሳልቆይ መልሼ ጫንኳቸው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተቀላቅለዋል። የማታው መልእክት የሥራ ግንኙነት ጉዳይ ስለሆነ እርስዎ ብቻዎን በጽናት የሚወጡት አይደለም፤ ስልክ ደጋግሞ ማንሣት ግን የልማድ ጉዳይ ነው። በሁለቱም ዘንድ መጠየቅ ያለበት ስልኩን ስንት ሰዓት ተጠቀምኩ የሚለው ሳይሆን፣ የምጠቀምበትን ጊዜ የወሰነው ማን ነው የሚለው ይመስለኛል።

ከአለቃዎ ልጀምር። ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለመገኘት መብት በአንዳንድ አገሮች በሕግ እስከ መደንገግ ደርሷል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች በዚህ ጉዳይ ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ ታስገድዳለች፤ አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. በ2024 ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚደርሰው መልእክት መልስ ያለመስጠት መብት እንዲኖረው አድርጋለች፤ እምቢታው ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ቢሆን በስምምነት ብዙ ማስተካከል ይቻላል። ማታ የሚጽፍ አለቃ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ያሰበው ነገር እንዳይጠፋበት እንጂ ወዲያው መልስ ፈልጎ አይደለም፤ ይህን ግን ሳይነገረው ሠራተኛው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ቅሬታ ከማቅረብ ይልቅ አንድ ግልጽ ሐሳብ ይዘው ይቅረቡ፦ «ማታ አስቸኳይ ነገር ሲያጋጥም ይደውሉልኝ፣ በማንኛውም ሰዓት አነሣለሁ፤ በግሩፑ የሚላከውን ደግሞ ጠዋት ሥራ ስገባ አይቼ እመልሳለሁ» ይበሏቸው። መደወል መጻፍን ያህል ቀላል ስላልሆነ፣ የሚደውል ሰው ጉዳዩ በእርግጥ አስቸኳይ መሆኑን አስቀድሞ ራሱን መጠየቁ አይቀርም።

የ«አንብቧል» ምልክቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በዋትስአፕ በግል ንግግሮች ላይ ይህን ምልክት መዝጋት ይቻላል፤ በግሩፕ ውስጥ ግን ቢዘጉትም ለላኪው ይታያል። ስለዚህ ለእርስዎ የሚሻለው ግሩፑን ድምፅ አልባ አድርጎ እስከ ጠዋት ፈጽሞ አለመክፈት ነው።

ወደ ቢሮ ሰዓትዎ ስንመጣ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ተመራማሪ የሆኑት ግሎሪያ ማርክ ሠራተኞች በሥራ ላይ እያሉ የሚያደርጉትን ለዓመታት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ሰው በአንድ ስክሪን ላይ ትኩረቱን የሚያቆየው በአማካይ ለ2 ደቂቃ ተኩል ያህል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው፣ ሥራው ከሚቋረጥባቸው ጊዜያት በብዙዎቹ አቋራጩ ራሱ ሠራተኛው መሆኑ ነው። ማንም ሳይጠራው ስልኩን ያነሣል። ስለዚህ ድምፁን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ሰነዱ እስኪያልቅ ስልኩ በቦርሳ ወይም በመሳቢያ ይቀመጥ። ሥራውን አቋርጠው መነሣት ግድ ከሆነብዎ ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት ቀጥሎ የሚሠሩትን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ «ከሦስተኛው ደረሰኝ ቀጥል» የሚል ማስታወሻ ሲመለሱ ሰነዱን እንደገና ከመጀመሪያው ከመመርመር ያድናል።

መተግበሪያዎቹን መልሰው በመጫንዎ ራስዎን ደካማ አድርገው አይቁጠሩ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በርግቦች ላይ ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ርግቧ ቁልፉን በመንቁሯ ስትመታ ምግቡ ሁልጊዜ ሳይሆን አልፎ አልፎና ባልታወቀ ጊዜ የሚመጣላት ከሆነ፣ ምግቡ ፈጽሞ ከቀረም በኋላ ለረጅም ጊዜ መምታቷን እንደማታቆም አሳይተዋል። ስልክ የምንከፍተውም አብዛኛውን ጊዜ ምንም እየጠፋ፣ አንዳንዴ ግን ደስ የሚል ነገር እየተገኘ ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው ሁሉንም በአንድ ቀን አጥፍቶ «ጾም» መግባት ብዙም የማይዘልቀው፤ እኔም አልመክረውም። ከዚያ ይልቅ ሰው ከሚልከው መልእክትና ከጥሪ በቀር ሌላውን ማሳወቂያ ሁሉ ይዝጉ፤ ማታም ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው ከመኝታ ክፍል ውጭ ይሁን። «ለማንቂያ ያስፈልገኛል» የሚለውን ሰበብ አንድ ርካሽ የማንቂያ ሰዓት ይመልሰዋል።

ባለቤትዎን የሚያስቀይመው ስልኩ ብቻ አይደለም፤ በስልኩ ላይ ምን እንደሚያደርጉ አለማወቋም ነው። ስክሪን ላይ ያቀረቀረ ሰው የሐዘን መልእክት ያንብብ ወይም የኳስ ውጤት ይከታተል ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ማንሣት ግድ ሲሆንብዎ «ለወንድሜ አንድ ነገር መልሼ ልምጣ» ይበሉ። እንዲህ ብሎ መናገር ለእርስዎም ልጓም ይሆናል፤ «ዝም ብዬ ልመለከት ነው» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ለማንም አይቀልምና።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ ቪዲዮ ካልተከፈተላት አትበላም። ስከለክላት ታለቅሳለች፤ ሲበዛብኝ እሰጣታለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናት ሆይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት በስክሪን ፊት ተቀምጦ ማሳለፍ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢቀንስ እንደሚሻል ይመክራል። የእርስዎ ዋና ችግር ግን ሰዓቱ ሳይሆን «ሲበዛብኝ እሰጣታለሁ» ያሉት ነው። ከላይ ስለ ርግቦቹ የተጻፈው ለልጅዎም ይሠራል፤ ለቅሶው አልፎ አልፎ ስልክ የሚያስገኝ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ስለዚህ ገበታ ላይ ስልክ እንደማይኖር አንዴ ከወሰኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶ እንደሚበረታ አውቀው፣ አባትም አያትም በአንድ ቃል ይጽኑ፤ የእናንተም ስልክ በዚያ ሰዓት ከገበታው ይራቅ። ልጅዎ ጥቂት በልታ ብትነሣም አያስጨንቅዎ፤ ክብደቷ እየቀነሰ ከመሰለዎ ግን ለሐኪም ያሳዩአት።

ከሩቅ ዘመድ ጋር በቪዲዮ መነጋገርን ግን ከዚህ ሂሳብ አይጨምሩት፤ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ልጅቷ ስትጠይቅ ይመልሳል፣ ስትስቅ አብሯት ይስቃል።