ደመወዙ እኩል፣ የወር መጨረሻው ለየቅል፦ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ ለዓመታት ፔሮል ሠርቻለሁ። ስለ ሴትና ወንድ ክፍያ ጠይቃችሁኛልና በተራ ልመልስ። የደመወዝ መዝገቡን በእጄ ስለሠራሁት ልዩነቱ በየት በኩል እንደሚገባ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እኔም እሱም ማሽን ኦፕሬተር ነን። ደመወዛችን እኩል ነው። በወር መጨረሻ ግን እሱ ይበልጠኛል። ለምን?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ የትርፍ ሰዓት ነው፣ እህቴ። ደመወዛችሁ 6,000 ብር ነው እንበል። ለወሩ መደበኛ የሥራ ሰዓት፣ ለ208 ሰዓት ሲካፈል የአንዱ ሰዓት ዋጋ ወደ 29 ብር ይመጣል። የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ሕጉ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ይፈቅዳል። በአራት ሳምንት 48 ሰዓት የሠራ ሰው ከ2,000 ብር በላይ ይጨመርለታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከሆነ ማባዣው 1.75 ነው፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 ይሆናል።

ታዲያ ማን ነው ማምሸት የሚችለው? ፋብሪካ ካለበት ከመልካ ጀብዱ በምሽት ወጥታ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ሰፈር የምትገባ ሴት ጨለማ ውስጥ ባጃጅ ፍለጋ ልትቆም ነው። ቤት ልጅ ይጠብቃታል፤ እራቱም አልተሠራም። ስለዚህ "ዛሬ አልችልም" ትላለች። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ካለች አለቃው ስሟን መጻፍ ይተዋል። ልዩነቱ የሚገባው እዚያ የአምሺዎች ስም ዝርዝር ላይ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ሁሉም ሕጋዊ ነው። ሰርቪስ እስከ ማታ ቢመደብ ኖሮ ብዙዎቹ ያመሹ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ማዳላትን ይከለክላል።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ቀላሉን ሥራ ይመርጡ የለ እንዴ?

መልስ፦ ከፊሉ ምርጫ ነው፣ አልክድም። የሴቶችን አማካይ ከወንዶች አማካይ ጋር ስታስተያይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሥራ መደብ፣ በልምድና በሰዓት ለይተህ ስታየው ይጠባል። መጥበቡ ግን ፍትሐዊ አያደርገውም። ስፌት መስመሩ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ናቸው። መካኒኩና ሱፐርቫይዘሩ ወንድ ነው። እሱ ከልጅነቱ ጋራዥ ውሎ ነው ሙያውን ያገኘው። እህቱን ማን ጋራዥ አስገብቷት? እሷ በዚያን ሰዓት ቀፊራ ገበያ እናቷን ታግዝ ነበር። እኔ ይሄን ምርጫ ለማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ስወልድ ምን ይቀርብኛል?

መልስ፦ በሕጉ ደመወዝሽ አይነካም። ከመውለድሽ በፊት 30 ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ታርፊያለሽ። ለአባትየው የተሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው የማዝነው። ሕጉ ራሱ ልጁ የማን ሥራ እንደሆነ አስቀድሞ የወሰነ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ሲታመም የምትቀረው እሷ ናት፤ የደረጃ ዕድገት ሲመጣም "ትቀራለች" ተብላ ትታለፋለች። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ክላውዲያ ጎልዲን በአሜሪካ ያሳየችውም ከዚህ አይርቅም፤ ተመሳሳይ ሙያ ባላቸው መካከል ልዩነቱ በአብዛኛው የሚሰፋው የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ ወዲህ ነው።

ጥያቄ፦ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ይሄ አዋጅ እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ አይመለከትም። የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጪ ነው። ይህን የሚያክል ቀዳዳ መተዉ አሁንም ያንገበግበኛል፤ እዚያ ሥራ ላይ ያሉት በብዛት ሴቶች ናቸውና።

ጥያቄ፦ የወንድና የወንድ ደመወዝስ ይለያይ የለ?

መልስ፦ ይለያያል፣ ወንድሜ። የትኛው ድርጅት ገባህ የሚለው ብዙ ይወስናል። ከጅቡቲ ጋር የሚሠራ ትራንዚት ቢሮ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገር ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ይከፍላልም። ግን ክፍት ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይወጣ በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም ተወርቶ ያልቃል። የወንዶቹ በርጫ ላይ የሌለች ሴት ከየት ትስማ?

ጥያቄ፦ ያነሰኝ ይመስለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የክፍያ ወረቀትሽን በየወሩ አስቀምጪ። ያመሸሽበትን ቀንና ሰዓት ራስሽ መዝግቢ። አብሮሽ የሚሠራውን ስንት እንደሚደርሰው በግልጽ ጠይቂው፤ ነውር የለውም። ቅሬታሽን በጽሑፍ አቅርቢና ግልባጩ ላይ አስፈርሚ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በእሱ በኩል ይሁን። አደራ፣ አታቆዪው፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ መጠየቅ አትችዪም ማለት ነው።