መልስ፦ ሐረጎ ላይ የሚግል አዲስ መኪና እና ጋራንቲ

ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስትወጣ መኪናህ እየጋለ፣ ሻጩ ጋራዥ ግን «ችግር የለበትም» እያለ ይመልስሃል። ጋራዡ ሜዳ ላይ ቆሞ ስለሚያየው ነው፤ ጭነትና ዳገት ካልተጨመረበት ይህ ብልሽት አይታይም።

መጀመሪያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን (የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያበርደውን ክፍል) ክዳን እይ። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 አካባቢ ይፈላል። ፈሳሹ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ከላላ ቆላ ላይ የማታየው ችግር ደጋ ላይ ይወጣል። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ብዙ ሰው ግን የውሃ ፓምፕ ካስቀየረ በኋላ ነው የሚያስታውሰው! ንጹህ ውሃ ብቻ መሙላትም ዝገት ያመጣል፤ ኩላንቱ (የማቀዝቀዣ ፈሳሹ) የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ባዘዘው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ይሁን።

ከከባድ መኪና ኋላ ስታዘግም ብቻ ከጋለ ፋኑን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ጠርጥር። በፍጥነት ስትወጣም ከጋለ ቴርሞስታት (ኩላንቱን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው መክፈቻ)፣ የተደፈነ ራዲያተር ወይም ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ፍሳሽ ሳይኖር ኩላንት እየቀነሰ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከወጣ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል አትንዳው።

ጋራዡ ስትሄድ ቅሬታህን በቃል አትተው። «ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ይግላል» ተብሎ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ተጽፎ ቅጂው ይሰጥህ፤ የሙቀት ጌጁንም ፎቶ አያይዝ። መካኒኩ አብሮህ ዳገት ይውጣ። እስከዚያ ውጭ ጋራዥ አታስፈታው፣ የሰርቪስ ደረሰኞችህንም ያዝ፤ ጋራንቲ የሚከለከለው በአብዛኛው በእነዚህ ሰበብ ነው።